ሁለተኛ የወጣ ሰው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በባቡር ወደ ባሕር የሚወርድ መንገደኛ፣ ድሬዳዋንና ደወሌን ካለፈ በኋላ፣ ጅቡቲ ከተማ ከመድረሱ በፊት አሊ ሳቢዬ የምትባል ከተማ ያገኛል። በዚህች ከተማ በ1949 ዓ.ም. አንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙም ሁሴን አህመድ ሳላህ ይባላል። ዓለም የሚያውቀው ግን አህመድ ሳላህ በሚለው ስም ነው። ይህ ሰው በእግሩ ሮጦ የአገሩን ስም ለዓለም ያስታወቀ የማራቶን ሯጭ ነው። ይሁን እንጂ በዓለም ሻምፒዮናም ሆነ በኦሎምፒክ አንደኛ ወጥቶ አያውቅም። ስለ እርሱ ለመጻፍ ያነሣሣንም ይኸው ነገር ነው።

ጅቡቲ ከተማ በባሕር ዳር፣ በዝቅተኛ ምድር ላይ የተሠራች በመሆንዋ ሙቀቷ ብርቱ ነው። እኛ ክረምት በምንለው በሰኔና በሐምሌ ወር፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። በቀትር ሱቆች ይዘጋሉ፤ ሰውም ፀሐዩ እስኪበርድ ድረስ በጥላ ሥር ይቆያል። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚሮጥ ሰው ከዚህ ዓይነት አገር ይወጣል ብሎ የገመተ ብዙ አልነበረም። አገሪቱም ገና አዲስ ነበረች። በከተማዪቱ መካከል የሚገኘውና ቀድሞ የምኒልክ አደባባይ ይባል የነበረው ሥፍራ፣ ዛሬ የሚጠራው በነፃነት ቀን ስም ነው። ያ ቀን በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 20 ቀን 1969፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጁን 27 ቀን 1977 ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ሌሎች ዓመታት በሙሉ በእኛ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጅቡቲ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በነሐሴ 1976 በሎስ አንጀለስ ነበር። በማራቶኑ ውድድር ጃማ ሮብሌ የተባለው ሯጭዋ 8ኛ ሲወጣ፣ አህመድ ሳላህ 20ኛ ሆነ። ሰውዬው ግን በዚህ ተስፋ ቆርጦ ሩጫን አልተወም። በሚያዝያ 1977 በጃፓን አገር በሂሮሺማ ከተማ፣ የማራቶን የዓለም ዋንጫ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተደረገ። አህመድ ሳላህ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሴኮንድ አንደኛ ሆነ፤ ጃማ ሮብሌም 3ኛ ወጣ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የሯጮቹ ሰዓት ተደምሮ በታየ ጊዜ የጅቡቲ ቡድን በሩጫ ስማቸው የታወቀውን ታላላቅ አገሮች ቀድሞ ተገኘ። በሚያዝያ 1979 ይኸው ውድድር በሴኡል ከተማ ሲደረግ፣ አህመድ ሳላህ እንደገና አሸነፈ።

እንግዲህ ማሸነፍን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የመጡት ታላላቅ ውድድሮች ግን ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ጠየቁት። የዓለም ሻምፒዮና በሮም ከተማ በተደረገ ጊዜ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 1979 በማራቶን 2ኛ ሆነ። የኬንያው ዳግላስ ዋኪሁሪ በ42 ሴኮንድ ቀደመው፤ እርሱ ደግሞ የኢጣልያውን ጄሊንዶ ቦርዲን በ10 ሴኮንድ ቀደመ። ሮም የእኛው አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 1952 በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈባት ከተማ ስለ ሆነች፣ ስምዋ ለኢትዮጵያውያን አንባብያን እንግዳ አይደለም።

ሚያዝያ 9 ቀን 1980 በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ የተደረገው ሩጫ ግን ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በዚያን ጊዜ የዓለሙ የማራቶን ክብረ ወሰን የፖርቱጋሉ ካርሎስ ሎፔዝ ሲሆን፣ ልኩም 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ነበር። በዚያ ቀን ኢትዮጵያዊው በላይነህ ዴንሳሞ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ገብቶ አዲስ ክብረ ወሰን አቆመ፤ ይህም ክብረ ወሰን ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሰበር ኖረ። ከእርሱ በኋላ በ17 ሴኮንድ አህመድ ሳላህ ገባ። የእርሱም ሰዓት ቢታይ ከቀድሞው ክብረ ወሰን በ5 ሴኮንድ የተሻለ ነበር። በሌላ ቀን ወይም በሌላ ከተማ ብቻውን በዚያ ፍጥነት ሮጦ ቢሆን ኖሮ፣ የዓለም ባለ ክብረ ወሰን ተብሎ ስሙ በተጻፈ ነበር። የጎረቤቱ ልጅ ከፊቱ ስለ ነበረ ግን በመዝገቡ ላይ ሁለተኛ ተብሎ ቀረ። ሥራው ታላቅ ነበር፤ ቍጥሩ ግን ታላቅነቱን አልተናገረለትም።

በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት፣ በእኛ መስከረም 22 ቀን 1981፣ የኦሎምፒክ ማራቶን በሴኡል ተደረገ። ኢትዮጵያ በዚያ ኦሎምፒክ ስላልተካፈለች በላይነህ ዴንሳሞ በሥፍራው አልነበረም። አህመድ ሳላህም ከዓመት ተመንፈቅ በፊት ወደ አሸነፈበት ከተማ መመለሱ ነበር። ሩጫው ሊያልቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ከባልንጀሮቹ ተነጥሎ ወደ ፊት ወጣ፤ ለጥቂት ጊዜም የወርቁ ሜዳልያ የእርሱ መሰለ። ነገር ግን በሮም በኋላው የነበረው ቦርዲን እግር በእግር ተከታትሎ ደረሰበትና አለፈው፤ ቀጥሎም ዋኪሁሪ አለፈው። አህመድ ሳላህ ከአንደኛው በ27 ሴኮንድ፣ ከሁለተኛው በ12 ሴኮንድ ተቀድሞ 3ኛ ሆነ። ከእርሱ ቀጥሎ የገባው ጃፓናዊ የዘገየው በ6 ሴኮንድ ብቻ ነበርና፣ በድካሙ ጊዜ ጥቂት ቢዘናጋ ኖሮ ባዶ እጁን በተመለሰ ነበር።

ያ የነሐስ ሜዳልያ ጅቡቲ ነፃነቷን ባገኘች በ11ኛው ዓመት የተገኘ ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ 2016ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ድረስ ብዙ ኦሎምፒኮች ቢደረጉም፣ ለአገሪቱ ሌላ የኦሎምፒክ ሜዳልያ አልተጨመረላትም። ከሕዝቡ ቍጥር ጋር ስናመዛዝነው፣ ሌላው አገር ከወርቁ ብዛት የተነሣ የሚረሳውን ነሐስ ጅቡቲ እንደ ትልቅ ቅርስ ብትመለከተው አያስደንቅም።

አህመድ ሳላህ በሴኡል ከደረሰበት ነገር በኋላም ሩጫውን አላቆመም። በነሐሴ 1983 በቶኪዮ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፣ ዕድሜው 34 ሆኖ ሳለ እንደገና 2ኛ ወጣ። በባርሴሎናና በአትላንታ ኦሎምፒክም ሮጦአል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ጅቡቲያዊ አያንሌ ሱሌይማን፣ በ2006 ዓ.ም. በፖላንድ አገር በተደረገው የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና በ1,500 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። የፊተኛው ሰው መንገዱን ባይጠርግ ኖሮ፣ ከዚያች ሞቃት አገር ለዓለም የሚበቃ ሯጭ እንደሚወጣ ለኋለኛው ማን ባስረዳው ነበር?

ይህን ታሪክ በቤተሰብ ገጽ ማውጣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በየቤታችን ልጅ የዓመቱን ውጤት ይዞ ሲመጣ፣ አብዛኛው ወላጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ የሚጎዳው በዚያው ሲቀር ነው። ካለፈው ዓመት ይልቅ ምን ያህል አሻሻለ? ከእነማን ጋር ተወዳደረ? በደከመው ጊዜ ተወው ወይስ ጨረሰ? አባትና እናት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ቢጨምሩ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጣው ልጅ ድካሙ እንደ ታየለት ያውቃል፤ አንደኛ የወጣውም ያለ ልክ አይኮራም። በመሥሪያ ቤትም ቢሆን የበታቾቹን ሥራ የሚመዝን ሹም ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

በሮተርዳም የአንዱ አገር ልጅ ክብረ ወሰኑን ሲወስድ፣ የጎረቤት አገር ልጅ በ17 ሴኮንድ ልዩነት ከኋላው ነበረ። እኛ ኢትዮጵያውያን የበላይነህን ስም በኩራት ስናነሣ፣ ያን ሩጫ ብቻውን እንዳልሮጠው ማስታወስ ይገባናል።