ለሁለት አንድ ድርሻ!

ስለ ቴኒስ ከተወራ የሚወራው ስለ ዊምብልደን ነው። ነጭ ልብስ፣ አረንጓዴ ሣር፣ ሚሊዮን ፓውንድ! እኔ ዛሬ የማነሳው ከታች ስላሉት፣ ከታችም ከታች ስላሉት ነው። «ቻሌንጀር» በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ፕሮፌሽናል ውድድር ላይ በጥንድ ስለሚጫወቱት ወንዶች። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ቻሌንጀር ከ1978 ጀምሮ ያለ ውድድር ነው። በዓለም ከመቶኛ በታች የሆነ ተጫዋች እንጀራውን የሚጋግረው እዚያ ነው። የፈረንጅ አገር ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። በ2024 በፌብሩዋሪ መጨረሻና በማርች መጀመሪያ ኪጋሊ ሁለት ሳምንት በተከታታይ አስተናግዳለች፤ ለሩዋንዳ የመጀመሪያዋ ነበር። «እኛስ?» የሚል ሰው ካለ ጥያቄውን ለሚመለከታቸው ያድርስልኝ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በ2010ዎቹ የ50,000 ዶላር ቻሌንጀር የሚባለው ውድድር የነጠላ ሻምፒዮኑን 7,200 ዶላር ይሸልም ነበር። የጥንድ ሻምፒዮኖቹስ? 3,100። ያውም ለሁለት! ሲካፈሉት 1,550 ይደርሳቸዋል። በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ የነጠላ ተጫዋች 520 ይዞ ሲሄድ የተሸነፉት ጥንዶች ግን 360 ይቆረጥላቸዋል፣ ለያንዳንዱ 180 ዶላር መሆኑ ነው። በዚህች 180 ዶላር የአውሮፕላን ቲኬት ይገዛል፣ የራኬት ክር ያስወጥራል፣ ግብር ይከፍላል፣ ይበላል። እንዴት? እኔን አትጠይቁኝ። ከዚያ ወዲህ ገንዘቡ ከፍ ብሏል፣ እውነት ነው። ጥንዱ ከነጠላው እጅግ ማነሱ ግን ዛሬም ያው ነው። የሚገርመው ደረጃ የሚወጣበት ነጥብ ላይ አድልዎ የለም። ቻሌንጀር 50 ላይ የነጠላው አሸናፊ 50 ነጥብ ያገኛል፣ የጥንዶቹም አሸናፊዎች እያንዳንዳቸው 50 ያገኛሉ። ነጥብ ወረቀት ላይ ስለሚጻፍ ይሆን?

በርግጥ የነጠላው ሻምፒዮን 32 ሰው ካለበት ድልድል አምስቴ አሸንፎ ይወጣል፣ ጥንዶቹ 16 ቡድን ካለበት አራቴ። አንዲት ጨዋታ ይቀንሳሉ። ከግማሽ በላይ ገንዘብ ለማስቀረት ግን ይህ በቂ ምክንያት ነው ትላላችሁ?

«ተመልካች የለውም» ይሉናል። ተመልካች ከየት ይመጣል? ጥንዱን የሚያጫውቱት ነጠላው ካለቀ በኋላ፣ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ነው። ደብቀው ካስቀመጡ በኋላ «ማን አየው?» ይላሉ። ይህን ዓይነት አነጋገር የት የት እንደሰማን አንባቢ አይጠፋውም።

ያየ ሰው ግን አይረሳውም። ነጠላ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ መሥመር ሆኖ መወራወር ነው። ጥንዱ ላይ መረቡ ሥር የቆመው ሰው እጁን ከጀርባው አድርጎ በጣቱ ለጓደኛው ምልክት ይሰጣል፤ ወዴት እንደሚመታ፣ እሱ ራሱ ወዴት እንደሚሻገር። ኳሷ ስትመታ አራቱም ይንቀሳቀሳሉ፣ በዓይን ጥቅሻ ታልቃለች። አንዳንዶቹ እኮ ሳምንቱ ሲጀመር የተጣመሩ ናቸው!

ይህንኑም አሳጠሩባቸው። ከ2006 ጀምሮ 40 ለ40 ሲሆኑ አንዲት ኳስ ትወስናለች። አንድ አንድ «ሴት» ከተካፈሉ ደግሞ (ሴት የሚሉት የጨዋታውን ክፍል ነው፣ እመቤቶች እንዳይቆጡ) ሦስተኛው ቀርቶ እስከ 10 ነጥብ ብቻ ይቆጠራል። የአንድ ሳምንት ድካም በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ነጠላውን ማንም አልነካውም።

ይህን ያደረገው ማን ነው? ኤቲፒ! ኤቲፒ በ1972 ተጫዋቾች «መብታችን ይከበር» ብለው የመሠረቱት ማኅበር ነው። በ1973 ኒኮላ ፒሊች የሚባል ጓደኛቸው ታገደ ብለው 80 ያህል ተጫዋቾች ዊምብልደንን ረግጠው ወጥተዋል። ጎበዞች ነበሩ። ከ1990 ወዲህ ግን ማኅበሩ ከውድድር ባለቤቶች ጋር ወንበር ተካፍሎ ገዢ ሆነ። ታጋይ ወንበር ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ለዚህ አገር ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ2005 «በጥንድ የሚገባው በነጠላ ያለ ተጫዋች ብቻ ይሁን፣ ሴቱም በአምስት ጌም ይለቅ» የሚል ዕቅድ ይዞ ብቅ አለ። ባለሙያዎቹን ከነእንጀራቸው ማባረር ማለት ነው። 45 ያህል የጥንድ ተጫዋቾች፣ መንትዮቹ ቦብና ማይክ ብራያን ጭምር፣ የገዛ ማኅበራቸውን ሂዩስተን ፍርድ ቤት ገተሩት። ዕቅዱ ቀረ፣ ባለሙያዎቹም ቆዩ። በልዋጩ የመጣው ያ አጭሩ አቆጣጠር ነው።

ባይከሱ ኖሮ ምን ይቀር እንደነበር አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። እንግሊዛዊው ጆናታን ማሬይ ዓመታት በቻሌንጀር በጥንድ ሲንከራተት የኖረ የ31 ዓመት ሰው ነበር። በ2012 ከዴንማርኩ ፍሬደሪክ ኒልሰን ጋር ተጣምሮ፣ ደረጃቸው ስላልበቃ በልዩ ግብዣ፣ ዊምብልደን ገባ። በግማሽ ፍጻሜ እነዚያኑ ብራያኖችን ጣሉ። በፍጻሜውም በአምስት ሴት አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ። አንድ እንግሊዛዊ የወንዶች ጥንድ ዋንጫ ሲያነሳ ከ1936 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በዚያ ዓመት የነጠላው ሻምፒዮን 1,150,000 ፓውንድ ሲወስድ እነሱ 260,000 ለሁለት ተካፈሉ። እዚያም ያው ነው! ቢሆንም ለማሬይ በቻሌንጀር ሲለቅም ከኖረው ጋር አይነጻጸርም።

ቻሌንጀር ላይ ያለው የነጠላ ተጫዋችም ቢሆን አልጠገበም፣ አውቃለሁ፤ ከሱ ጉሮሮ ነጥቃችሁ ስጡልኝ አልልም። ገንዘቡ ያለው ላይኛው ቤት ነው፤ ከዚያ ይውረድ። በመጀመሪያው ዙር የተሸነፉት ጥንዶች ቢያንስ የመመለሻ ቲኬታቸውን የሚችል ክፍያ ያግኙ። የጥንዱም ፍጻሜ በዋናው ሜዳ፣ ከነጠላው ፍጻሜ ቀደም ብሎ፣ ሰው ወንበሩ ላይ እያለ ይካሄድ። ከዚያ በኋላ «ተመልካች የለውም» የሚል ካለ ቲኬት የቆረጠውን ሰው ቆጥሮ ይንገረን።