ሚሊሜትር የሚወስነው ሕክምና

የጨረር ሕክምና ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ትልቅ ማሽንና ከውጭ የሚላክ ጨረር ነው። በአገራችን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚይዘው የማህፀን በር ካንሰር ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ይፈልጋል። በሽታው በአካባቢው ከተስፋፋ፣ ከውጭ ከሚሰጠው ጨረርና ከኬሞቴራፒው ጋር ብራኪቴራፒ ይታዘዛል። ይህ ጨረሩን ከውስጥ፣ ከዕጢው አጠገብ የሚሰጥ ሕክምና ነው። ለመስማት ያስፈራል፤ ለቤተሰብ ለመናገርም ይከብዳል። ስለዚህ በግልጽ እናውራው።

ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ጨረር አመንጪ ቁስ በቀጭን ቱቦ ገብታ ለጥቂት ደቂቃዎች ትቆያለች፤ ከዚያ ትመለሳለች። ቁሷን የሚቀበለው መሣሪያ አፕሊኬተር ይባላል። አንዱ ክፍል ወደ ማህፀን የሚገባ ቀጭን ቱቦ ነው። ሌላው ማህፀን በር ላይ የሚያርፍ ሲሆን ቀለበት ወይም ሁለት እንቁላል መሰል ቅርጾች ሊሆን ይችላል።

የመሣሪያው ቅርጽ ለምን ያሳስበናል? የቡና ከሰል አስቡ። አጠገቡ ያለ ሰው ይለበለባል፤ ትንሽ ራቅ ያለው ሙቀቱን ብዙም አያገኘውም። ጨረርም እንዲሁ ነው። ርቀቱ ከ1 ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ሲያድግ መጠኑ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ዕጢው ብዙ ጨረር ሲያገኝ የሽንት ፊኛና የታችኛው አንጀት የሚተርፉት በዚህ ምክንያት ነው። መሣሪያው በጥቂት ሚሊ ሜትር ከቦታው ቢንሸራተት ግን ዕጢው የሚገባውን ሊያጣ፣ ፊኛው ወይም አንጀቱ የማይገባውን ሊቀበል ይችላል።

እኛ ማርኬቲንግ ውስጥ ያለን ሰዎች ጥሩ ዕቃ ያለቦታው ከተቀመጠ ዋጋ የለውም እንላለን። እዚህ ደግሞ የሚከፈለው ዋጋ ጤና ነው።

ስለዚህ ሐኪሞች መሣሪያውን በሴትየዋ አካል ልክ ይመርጣሉ። እንቁላል መሰሉ ቅርጽ ተለቅ ሲል ቁሷ ከብልት ግድግዳ ስለምትርቅ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጨረር ይቀንሳል። ዕጢው ወደ ጎን ከሰፋ ቀጫጭን መርፌዎች ይጨመራሉ። ፊኛውንና አንጀቱን ራቅ ለማድረግ ጎዝ ይጠቀጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የማንቸስተር ዘዴ መጠኑን የሚለካው ከቱቦው 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ባለ አንድ ነጥብ ነበር። ዛሬ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ባለበት ቦታ፣ መሣሪያው እንደገባ ምስል ተነሥቶ መጠኑ በዕጢው ቅርጽ ይሰላል።

እናታችሁ፣ እህታችሁ ወይም ባለቤታችሁ ይህ ሕክምና ከታዘዘላት ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። መሣሪያው ከገባ በኋላ ቦታው በምን ይረጋገጣል? ለሕመሙ ማደንዘዣ ወይም ማስታገሻ ምን ይሰጣታል? ሕክምናው በሙሉ የሚያልቀው መቼ ነው? የመጨረሻው ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ከውጭው ጨረር ጀምሮ ሁሉም በ8 ሳምንት ውስጥ ቢጠናቀቅ ይመከራል።

አንድ ነገር ደግሞ ለልጆቿም ንገሩ። ቁሷ ከወጣች በኋላ በሰውነቷ የሚቀር ጨረር የለም። ያን ዕለት ማታ ልጇን አቅፋ መተኛት ትችላለች። ከእኛ የሚጠበቀው ትራንስፖርቱን፣ ማረፊያውንና የቤቱን ሥራ ተካፍለን አንድም ቀጠሮ እንዳያልፋት ማድረግ ነው።