ሞተሩን ያቃጠለው ሾፌሩ ነው?

“ሞተሩን ያቃጠለው ሾፌሩ ነው።” ከጭነት መኪና ባለንብረት ጋር ቁጭ ብላችሁ አንድ ሁለት ስኒ ቡና ከጠጣችሁ ይህችን አባባል ሳትሰሙ አትነሱም። ነቀምቴ ጨለለቂ ብትሆኑ፣ ጊምቢ ብትሆኑ፣ አዲስ አበባ መርካቶ ብትሆኑ ያው ናት። ሾፌሩስ ምን ብሎ ይመልሳል? ብዙ ጊዜ ምንም። ደመወዙ ይያዛል፣ ቁልፉን ያስረክባል፣ በሳምንቱ ሌላ ሾፌር ይቀጠራል። አዲሱም ያንኑ መኪና በዚያው አኳኋን ይነዳና ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ በእሱም ላይ ያቺው ፍርድ ትፈረዳለች። እኔ ግን ከፍርዱ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ለመሆኑ የሞተሩ ዘይት ስንት ዲግሪ ነበር?

ጥያቄው ለብዙዎች አዲስ ነው። “ኧረ ውሃው አልፈላም፣ ቀስቷም መሃል ላይ ነበረች” ይላሉ። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ያቺ ቀስት የምትናገረው ስለ ራዲያተሩ ውሃ እንጂ ስለ ዘይቱ አይደለም። በብዙዎቹ መካከለኛ የጭነት መኪኖቻችን ዳሽቦርድ ላይ የውሃ ሙቀት መለኪያ አለ፤ የዘይት ግፊት ሲወርድ የምትበራ ቀይ መብራትም አለች፤ የዘይት ሙቀት መለኪያ ግን የለም። ውሃ የሚያቀዘቅዘው ሲሊንደሩንና ቴስታታውን ነው። ኩሽኔታውን፣ ፒስተኑን ከሥሩ፣ ተርቦውንም የሚያቀዘቅዘው ዘይት ነው። እኛ ውሃውን እያየን ስለ ዘይቱ እንፈርዳለን።

ልኩ ስንት ነው ካላችሁ፣ በሙሉ ጭነት የሚሠራ የናፍታ ሞተር ዘይት ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመረጣል። ለዚህ የዘይቱ ጣሳ ራሱ ምስክር ነው። 15ደብሊው-40 ብሎ ሲጽፍ፣ “40” የምትለዋ ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ላይ ያለውን ውፍረት የምታመለክት ናት። ሙቀቱ 120 እና ከዚያ በላይ ደርሶ ከቆየ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ብረትን ከብረት የሚለየው ስስ ሽፋንም ይሳሳል። በግምት በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዘይት የሚበላሽበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል ይባላል። እንግዲህ “በአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ይቀየር” የተባለ ዘይት በየዳገቱ 130 ዲግሪ ከደረሰ አምስት ሺህውን በምን አቅሙ ይደርሳል?

ሙቀት ከፋ ብለን ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ እንሮጣለን። “ተርሞስታቱን ንቀለውና ሞተሩ ይቀዝቅዝ” የሚል ምክር በየጋራዡ ሞልቷል። ሞተር ግን እንደ እንጀራ ምጣድ ነው። ምጣዱ ሳይሰማ ሊጥ ብታፈሱበት ይጣበቃል፤ ከመጠን በላይ ከጋለም ያርራል። ዘይቱ ከ80 ዲግሪ በታች እየዋለ የሚያድር ከሆነ ከቃጠሎው የሚመጣው እርጥበትና ያልነደደ ናፍታ ሳይተን ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፤ ዘይቱም ቀስ በቀስ ወደ ጭቃነትና ወደ አሲድነት ይሄዳል። ጠዋት ላይ ደግሞ ውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ ዘይቱ ገና ለብ እንዳለ ነው። ቀስቷ ተነሳች ብሎ በሙሉ ኃይል የሚረግጥ ሰው ሞተሩን ሳይነቃ የሚደበድብ ሰው ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት አያቶቻችን የነገሩን ለጌጥ አልነበረም።

አሁን ወደ ወለጋ መንገድ እንምጣ። ነቀምቴ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በግምት አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ በራዲያተሩ የሚያልፈው ነፋስ ይዞት የሚሄደው ሙቀትም ያንሳል። ውሃም በዚህ ከፍታ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደህና የራዲያተር ክዳን ውሃውን በግፊት ይዞ ከዚያ በላይ ሳይፈላ ያቆየዋል፤ ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ ከተወተፈ ግን ነገር ተበላሸ። ከጊምቢ ቡና ጭኖ የሚመጣ መኪና መጀመሪያ ወደ ዴዴሳ ቆላ ይወርዳል፣ ወንዙን ይሻገርና ወደ ነቀምቴ ሽቅብ ይያያዘዋል። በትንሽ ማርሽ፣ በከፍተኛ ዙር፣ በቀስታ ጉዞ። ሙቀቱ ከፍ ያለ፣ ነፋሱ ትንሽ። የውሃዋ ቀስት ንቅንቅ ሳትል ዘይቱ ሊግል የሚችለው እንዲህ ባለ ዳገት ላይ ነው።

ዳገቱ አልቆ ከተማ ሲገባ ሾፌሩ ቁልፉን ጠምዝዞ ወደ ምሳው ይሮጣል። ተርቦ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ዕቃ ነው፤ አንድ ጎኑን በብዙ መቶ ዲግሪ የጋለ ጭስ ይገርፈዋል። ሞተሩ ድንገት ሲጠፋ የዘይቱ ዝውውር ይቆማል፣ ውስጡ የቀረው ዘይትም እዚያው አርሮ ከሰል ይሆናል። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያለ ጭነት ዞሮ ቢጠፋ ኖሮ ይተርፍ ነበር። አምስት ደቂቃ!

“ድሮ በፊያት ስንነዳ ይኼ ሁሉ የት ነበር?” የሚሉ አንጋፋዎች አሉ። መልሱ ቀላል ነው። ፊያት 682 ኤን3 ከ11 ሊትር በላይ የሆነ፣ ተርቦ የሌለው፣ 200 የፈረስ ጉልበት የማይሞላ ሞተር ነበረው። ዛሬ በየመንገዱ የምናየው ሲኖትራክ ሃዎ 371 ከ10 ሊትር ካነሰ ሞተር 371 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ከትንሽ ድስት ብዙ ወጥ የሚጠበቅ ከሆነ እሳቱ መብዛቱ አይቀርም፤ ያንን እሳት ከሚሸከሙት አንዱ ዘይቱ ነው። የድሮውን ልማድ ለአዲሱ ሞተር ማውረስ ታማኝነት አይደለም።

ታዲያ የሚያስቸኩለው ማን ነው? ስልኩ ነው። “የት ደረስክ? ለምን ቆምክ? እገሌ እኮ ገብቶ አራገፈ!” ባለንብረቱም ሰው ነው፣ የባንክ ዕዳ አለበት፣ ጎማና መለዋወጫ እሳት ሆኗል፤ ይገባኛል። ሆኖም የሞተር እድሳት ከብዙ ምልልስ ትርፍ በላይ እንደሚበላ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በሬ ሳሩን አይቶ ገደሉን አላየም የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። እኛ ሕዝቡስ? አይሱዙን “አልቃይዳ”፣ ሲኖትራክን “ቀይ ሽብር” ብለን ስም አወጣን፣ ሾፌሩን ረገምን፣ ከችኮላው ጀርባ ያለውን ስልክ ግን አልጠየቅንም።

በወለጋ ደግሞ ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ባለው የጸጥታ ችግር በእነዚህ መንገዶች ላይ ሾፌሮች ታግተዋል፣ ተገድለዋልም። እንዲህ ባለ ጊዜ “ቆላው ላይ ቁምና ሞተሩን አቀዝቅዝ” ብሎ መምከር ቀልድ ነው። ስለዚህ ሞተሩ መንገድ ላይ እንዳይከዳ የሚደረገው ሁሉ ከከተማ ሳይወጣ መደረግ አለበት። ጫካ መሃል የቆመ ሞተር የሚያስከፍለው ዋጋ በብር ላይሆን ይችላል።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ባለንብረቶች በየመኪናው ላይ የዘይት ሙቀት መለኪያ ያስገጥሙ፤ ዋጋው ከሞተር ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእኛ መኪና እንኳን ሊደብቅ የሚናገርበት አፍ አልሰጠነውም። ሁለተኛ፣ ጠዋት ሞተሩ እስኪሟሟቅ በቀስታ የሚነዳባቸው ደቂቃዎችና ከዳገት በኋላ ያሉት አምስት ደቂቃዎች እንደ ሥራ ይቆጠሩ እንጂ እንደ ስንፍና አይታዩ። ሦስተኛ፣ የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኞች ለከባድ መኪና ሾፌር ዘይት ማለት መለኪያ ዘንግ አውጥቶ መጠኑን ማየት ብቻ እንዳልሆነ ያስተምሩ።

ይህ ሳይሆን የማንንም ደመወዝ መቁረጥ ግፍ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና የቸኮለ ሞተር በመንገድ ቢፈታ አይግረመን። ከእንግዲህ “ያቃጠለው ሾፌሩ ነው” የሚል ሰው ስታገኙ ቡናችሁን ሳታስቀምጡ ጠይቁት፦ “ዘይቱ ስንት ዲግሪ ነበር?” መልሱ “እኔ እንጃ” ከሆነ፣ ከሳሹ ማስረጃ የለውምና ሾፌሩ ይሰናበት፤ ከሥራው ሳይሆን ከክሱ።