ዕጣኑ ከአበርገሌ፣ መጽሐፉስ ከየት?

እንበልና አንዲት የሰቆጣ እናት የሁለት ዓመት ልጅ አላት። ለገና ሦስት ሳምንት ቀርቷል። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሟ ለበዓሉ ሊመጣ ነውና ደውላ «ለልጁ አንድ የገና መጽሐፍ ይዘህ ና፤ ማታ ማታ አነብለታለሁ» ትለዋለች። ወንድምዬው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ሻጮችን ሲጠይቅ ይውልና አንድ የሚያብረቀርቅ መጽሐፍ ይገዛል። ሽፋኑ ላይ ቀይ የለበሰ ጢማም የገና አባት አለ። ከኋላው በነጭ በረዶ የተሸፈነ ጣሪያና ቀንዳቸው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፋ አጋዘኖች ይታያሉ።

እናት የመጀመሪያውን ገጽ ትገልጣለች። በረዶ ስለ ወረደ ልጆች በደስታ ይዘላሉ። ችግሩ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። የዋግ ልጅ በረዶን ያውቀዋል። በረዶ ማለት በክረምት ቆርቆሮውን እየደበደበ ከእንቅልፉ የሚያባንነው፣ አያቱ «ሰብሉን ጨረሰው» ብለው የሚያዝኑበት ነገር ነው። መጽሐፉ ግን በበረዶ ደስ ይበልህ ይለዋል። እናት ልታስረዳው ትሞክራለች፤ «ይሄ ሌላ በረዶ ነው፣ የፈረንጅ አገር ነው…»። ልጁ ግን ተነሥቶ ሄዷል። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያወርደው የለም።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «የእኛ ልጅ መጽሐፍ አይወድም» ይላል። ስሕተቱ ይህ ነው። ልጁ አልወደደም የተባለው መጽሐፍን ሳይሆን ያልተመረጠለትን መጽሐፍ ነው።

ለሁለት ዓመት ልጅ ጮክ ተብሎ የሚነበብ የገና መጽሐፍ ሲመረጥ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ ልጁ በሥዕሉ ላይ ጣቱን አድርጎ ስሙን ሊጠራው የሚችል ነገር አለ ወይ? በዚህ ዕድሜ ማንበብ ማለት መጠቆምና ስም መጥራት ነው። «በጉ የታል?» ሲባል ጣቱ በጉ ላይ ካረፈ፣ «ባ…» ብሎ ከጮኸ፣ መጽሐፉ ሥራውን ሠርቷል። የማያውቀውን አጋዘን እንዲጠቁም መጠየቅ ግን ያልቀመሰውን ምግብ ናፍቅ እንደማለት ነው።

የሚያስቆጨው የገና ታሪክ ለዋግ ልጅ ሩቅ አለመሆኑ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ የነበሩ እረኞች አሉ። በግና ፍየል ከሚጠበቅበት ከዋግ ደጋና ቆላ የበለጠ ይህን ታሪክ ያለ ማብራሪያ የሚረዳ አገር የት ይገኛል? የአበርገሌ ፍየል በአገር የታወቀ ዝርያ ነው፤ የሰቆጣ በግም በራሱ ስም ይጠራል። ሕፃኑ የተኛው ከብቶች በሚበሉበት ቦታ ነው። ታኅሣሥ ደግሞ የአውድማ ወር ነው፤ የገጠሩ ልጅ ጭድ ላይ ተንከባሎ ያውቃል፣ ፀጉሩ ውስጥ የቀረውን እናቱ ትለቅምለታለች። ከብቶቹ ሕፃኑን በትንፋሻቸው አሞቁት የሚለው ትውፊት የታኅሣሥን ሌሊት ብርድ ለሚያውቅ ልጅ ተረት አይሆንበትም። እናቱ ያን ገጽ ስታነብ መዳፉ ላይ «ህህህ» ብላ ብትተነፍስበት ሙቀቱን በቆዳው ይረዳዋል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕጣኑ አለ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሰብአ ሰገል ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው ይመጣሉ። የአውሮፓ ልጅ ዕጣን ምን እንደሆነ ለማወቅ መዝገበ ቃላት ያስፈልገው ይሆናል። በተከዜ ተፋሰስ፣ በአበርገሌ ቆላ ግን የዕጣኑ ዛፍ በደረቁ ተራራ ላይ ቆሟል። በበጋ ቅርፊቱ ይፋቃል፣ ሙጫው ይንጠባጠባል፣ ደርቆ ይለቀማል። የሰቆጣ ሕፃን ሽታውን የሚያውቀው ስሙን ከመጥራቱ በፊት ነው፤ ቡና በተፈላ ቁጥር አፍንጫው ሥር ነው። የገና ስጦታ ከእሱ አገር ዛፍ ላይ ከሚለቀመው ዓይነት እንደሆነ የሚያሳየው መጽሐፍ ግን ማን ሰጠው?

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። «ዋግ ኽምራ ውስጥ ስለ ሥዕላዊ መጽሐፍ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? ድርቅ ያልለቀቀው አካባቢ ነው። በጦርነቱ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች መጠለያ ውስጥ ኖረዋል። መጀመሪያ እህል ይቅደም!»

ተቃውሞው እውነት አለው። መጽሐፍ ፋፋን አይተካም፤ የራበው ልጅ ሥዕል አያይም። ነገር ግን የከተማይቱ ስም ራሱ የሚያስታውሰው ነገር አለ። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ያወጀው ዕቅድ ዓላማው ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ማስቀረት ነው። ዕድሜው የተመረጠው በምክንያት ነው። ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ያሉት የመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት የሰውነትም የአእምሮም መሠረት የሚጣልባቸው ናቸው። ያ አእምሮ ደግሞ የሚያድገው በምግብ ብቻ ሳይሆን በሚሰማው ቃል፣ በሚመለስለት ድምፅ፣ በእናትና በአባት ጭን ላይ በሚያገኘው ጨዋታ ጭምር ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ሐኪሞች ወላጆችን ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት ብለው እንዲመክሩ ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ሆድን መመገብና ጆሮን መመገብ አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚጀምርባቸው ሥራዎች አይደሉም። ልጁ ሁለት ዓመት የሚሆነው አንድ ጊዜ ነው።

እንግዲህ በእጅ ያለው ገንዘብ አንድ መጽሐፍ ብቻ የሚገዛ ቢሆን የትኛው ይገዛ?

አንደኛ፣ ገጹ ወፍራም ይሁን። የሁለት ዓመት ልጅ መጽሐፍን ያኝካል፣ ይጎትታል፣ ይወረውራል። ስስ ወረቀት የሆነ መጽሐፍ ሲገዛ ወላጅ ከንባብ ይልቅ «ተው! ትቀደዳለች!» ሲል ያመሻል። ካርቶን ገጽ ያለው ካልተገኘ ስሱን ገጽ በካርቶን ላይ ለጥፎ በላስቲክ መሸፈን ይቻላል።

ሁለተኛ፣ በአንድ ገጽ ላይ ያለው ጽሑፍ ከሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። ገዢው እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ አንድ ገጽ ድምፁን አውጥቶ ያንብብ። ምላሱ ከተደናቀፈ፣ ዓረፍተ ነገሩ ከትርጉም የመጣና የቤት አማርኛ ያልሆነ ከሆነ፣ መልሶ ያስቀምጠው። እናት «ግርግም» የሚለውን ቃል «ላሞቹ የሚበሉበት» ብላ ማለስለስ ትችላለች፤ በየመስመሩ እንዲህ የምታለሰልስ ከሆነ ግን መጽሐፉ ለሕፃን አልተጻፈም። አንድ ከባድ ቃል ማር ነው፣ ልጁ እየደጋገመ ይጫወትበታል። አምስት ከባድ ቃል ግን እንቅልፍ ነው።

ሦስተኛ፣ የሚደጋገም ነገር ይኑረው። እረኛው መጣ፣ በጉ መጣ፣ አህያዋ መጣች፤ በየገጹ አንድ ሰው ይጨመር፣ አንድ ድምፅ ይመለስ። በአምስተኛው ንባብ ላይ ልጁ ከእናቱ ቀድሞ የሚናገረው መጽሐፍ ጥሩ መጽሐፍ ነው። ያንኑ መጽሐፍ ሃያ ጊዜ አንብቢልኝ ቢል መሰልቸት አይገባም፤ የዚህ ዕድሜ ትምህርት ድግግሞሽ ነው።

አራተኛ፣ ታሪኩ ለዕድሜው ተመጥኖ ይቆረጥ። ሄሮድስና የቤተልሔም ሕፃናት ዕልቂት የታሪኩ አካል ናቸው፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ግን ጊዜያቸው ገና ነው። ተኩስ ሰምቶ ላደገ፣ ከቤቱ ተነቅሎ ለሄደ ልጅ ደግሞ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ይሁን። ለሕፃኑ ታሪኩ ሕፃን ተወለደ፣ ሁሉም ሊያየው መጣ፣ ሁሉም ደስ አለው ብሎ ቢያልቅ ምንም አይጎድለውም።

ከአራቱም በላይ የሚከብደው ግን የቋንቋ ጉዳይ ነው። በዋግ ብዙ ቤት ሁለት ቋንቋ ይነገራል። አባት በአማርኛ ይሠራል፣ አያት በኽምጣና ይመርቃሉ። ኽምጣና በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጣል። ሆኖም ልጁ ትምህርት ቤት እስኪደርስ ድረስ ያሉት ዓመታት ባዶ ናቸው። ለሕፃን በኽምጣና የተዘጋጀ የገና ሥዕላዊ መጽሐፍ ፈልጎ ያገኘ ወላጅ ዕድለኛ ነው። ይህ የሚሆነው በአገሪቱ ትልቁ የገና በዓል በሚከበርበት ደጃፍ ላይ ነው። ታኅሣሥ 29 በላሊበላ ቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲባል የሚከበረው የጌታ ልደት ብቻ ሳይሆን በትውፊት የንጉሥ ላሊበላም ልደት ነው። ያ ንጉሥ ከዛግዌ ሥርወ መንግሥት፣ ከአገው ወገን ነበር። በዚያው ሌሊት የአገው ቋንቋ የሚናገር ሕፃን በገዛ ቋንቋው የተጻፈ አንድ የገና ገጽ ካጣ፣ መጽሐፍ የሌሎች ሰዎች ነገር እንደሆነ ፊደል ሳይቆጥር ይማራል።

እስከዚያው ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። መጽሐፉ በአማርኛ ቢሆንም አያት ሥዕሉን እያዩ በኽምጣና ማውራት ይችላሉ። ፊደል ያልቆጠሩ አያት ጥሩ አንባቢ የማይሆኑ የሚመስለው ንባብን ፊደል ብቻ አድርጎ ለሚያይ ሰው ነው። ሰቆጣ አጠገብ እንዳለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ያሉ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ባሉበት አገር፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ለዘመናት የሕዝብ ሥዕላዊ መጽሐፍ ሆኖ ኖሯል። እናት ልጇን አዝላ ሥዕሉን እየጠቆመች ታሪኩን ስትነግረው ያደረገችው ይህንኑ ነው። ሦስተኛ ክፍል የደረሰች እኅት ደግሞ ለታናሽ ወንድሟ ብታነብለት ሁለቱም ይማራሉ፤ ታናሽ ወንድም ሲሳሳቱ የማይስቅ አድማጭ ነው።

«መጽሐፉ ከሌለ ምን ይደረግ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጡ ሰዎች ነበሩ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሲሠሩ ከብዙ አገር መጻሕፍት መካከል የኢትዮጵያ ልጆች የሚያነቡት አጡ። «ሲሊ ማሞ» የተባለውን የአማርኛና የእንግሊዝኛ ሥዕላዊ መጽሐፍ አዘጋጁ፤ በኋላም ወደ አገር ቤት ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ጉድለቱን አይተው ከንፈር አልመጠጡም፤ ሠሩ።

ትንሽ ሕዝብ ነን የሚል ሰበብም አይሠራም። አይስላንድ ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን የማይሞላ አገር ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ብዙ ዕቃ በራሽን ሲሰጥ ወረቀት ግን ይገኝ ነበርና ሰዎች ለገና መጽሐፍ መሰጣጣት አዘወተሩ። ዛሬም የገና ዋዜማ ስጦታቸው መጽሐፍ ነው፤ ጥቂት ሰው የሚናገረው ቋንቋቸውም የሚታተም መጽሐፍ አላጣም። ዋግ ኽምራ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከ400 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው።

ለዋግ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አሥራ ሁለት ገጽ ይበቃል። በየገጹ አንድ ሥዕል፣ ከሥሩ አንድ መስመር በኽምጣና፣ አንድ መስመር በአማርኛ። አንድ የኽምጣና መምህር፣ አንድ ሠዓሊ፣ ታሪኩን የሚያርሙ አንድ መሪጌታ፣ የብሔረሰብ አስተዳደሩ ትምህርት መምሪያ ማኅተም። ከዚያ ተርፎ ከአዲስ አበባም ከውጭም ያለ የዋግ ተወላጅ ለበዓል በግ መግዣ ሲልክ የአንድ መጽሐፍ ማሳተሚያ ቢጨምር ለየቀበሌው ይዳረሳል። እስኪታተም ድረስ ደግሞ ደብተር፣ ቀለምና የፍየል ሥዕል የሚሞክር አባት በቂ ነው። ፍየሉ ውሻ ቢመስልም ልጁ ይቅር ይላል። በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣ!

ዋዜማ ማታ ነው እንበል። ረከቦቱ ቀርቧል፣ ፍም ላይ የአበርገሌ ዕጣን ይጨሳል። እናት ስምንተኛውን ገጽ ትገልጣለች፤ ከሩቅ የመጡ ሰዎች ለሕፃኑ አንድ ነገር ይዘዋል። «ይሄ ምንድን ነው?» ትለዋለች። ልጁ መጽሐፉን ትቶ ዞር ይላል፣ ጣቱንም ወደ ጭሱ ይቀስራል።