የሚለካ ጉልበት፣ የማይለካ ብቃት፦ የአሜሪካ ፉትቦል ክለቦች ወጣቶችን እንዴት ይመርጣሉ?

በሬ ለመግዛት ገበያ የወጣ ገበሬ ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ይገምታል፤ ሻኛውን ዳስሶ፣ ሰኮናውን አይቶ፣ አካሄዱን ተመልክቶ ዋጋ ይቆርጣል። በሬው በእርሻ ላይ የሚጸና ይሁን ወይም መሐል ትልም ላይ የሚተኛ ግን የሚታወቀው ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ቀንበሩ ከተጫነ በኋላ ነው። ከመግዛት በፊት የሚታየውና ከገዙ በኋላ የሚፈለገው ነገር አንድ አይደሉም።

በአሜሪካ በየዓመቱ በሚያዝያ ወር የሚካሄደው የፉትቦል ተጫዋቾች ምርጫም ከዚሁ ችግር አላመለጠም። በዚያ የሚመረጡት ሰዎች፣ ያውም ገና ሃያዎቹን የጀመሩ ወጣቶች ናቸው። ገንዘቡ በሚሊዮን ዶላር ይቆጠራል፤ ሩጫቸው በሰከንድ መቶኛ ይለካል። ክለቦቹ ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያና የመረጃ ተንታኝ ቀጥረው ለወራት ያጠናሉ። ያም ሆኖ በየዓመቱ ከፍተኛ ተስፋ የተጣለባቸው ይወድቃሉ፤ ማንም ያላያቸው ይነሣሉ።

አሜሪካውያን ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ በኢትዮጵያ እግር ኳስ ተብሎ ከሚታወቀው የተለየ ነው። እንቁላል መሰል ኳስ በእጅ ይዞ በመሮጥና በመወርወር ወደ ተጋጣሚ ክልል መጨረሻ ለማድረስ የሚደረግ፣ ብርቱ የአካል ግጭት ያለበት ውድድር ነው። በእያንዳንዱ ወገን አሥራ አንድ ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ከሁሉም ወሳኙ «ኳርተርባክ» የሚባለው ነው። እርሱ ኳሱን ተቀብሎ፣ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ የተጋጣሚን አሰላለፍ አንብቦ፣ ለማን እንደሚወረውር የሚወስን የሜዳው መሪ ነው። አንድ ክለብ ጥሩ ኳርተርባክ ለማግኘት የማይከፍለው ዋጋ የለም ማለት ይቻላል።

ለደካማው ቅድሚያ

በአሜሪካ የፉትቦል ክለቦች እንደ አውሮፓ እግር ኳስ ክለቦች ታዳጊዎችን ከልጅነት ጀምረው በራሳቸው አካዳሚ አያሳድጉም። ይህን ሥራ የሚሠሩት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። አንድ ወጣት ሁለተኛ ደረጃን ካጠናቀቀ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ወደ ብሔራዊ የፉትቦል ሊግ መግባት አይችልም። ጊዜው ሲደርስ ሠላሳ ሁለቱ የሊጉ ክለቦች «ድራፍት» በተባለው ሥርዓት በሰባት ዙር ተራ በተራ ይመርጣሉ። በአንድ ዓመት የሚመረጡት በድምሩ 260 ገደማ ብቻ ናቸው። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ተጫውተው ለምርጫ ከሚደርሱት መካከል ወደ ሊጉ የሚገቡት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም።

የተራው ቅደም ተከተል ለደካማው ያደላል። ባለፈው ዓመት በውጤት መጨረሻ የወጣው ክለብ ቀዳሚ ሆኖ ይመርጣል፤ ሻምፒዮኑ የዙሩ መጨረሻ ይሆናል። ሐሳቡን በ1935 እ.ኤ.አ ያቀረቡት የፊላዴልፊያ ክለብ ባለቤት የነበሩት በርት ቤል ናቸው። ሀብታም ክለቦች ጥሩ ተጫዋቾችን ሁሉ እየሰበሰቡ ደካሞቹ ይበልጥ እየደከሙ ስለ ነበር፣ ሊጉ ሐሳቡን ተቀብሎ የመጀመሪያውን ምርጫ በ1936 አካሄደ። በዚያ ምርጫ አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ጄይ በርዋንገር ግን በሊጉ አንድም ጨዋታ አላደረገም። አንደኛ ሆኖ መመረጥና ስኬት የተለያዩ መሆናቸው ገና ከጅምሩ ታየ።

ተራ ንብረት ነው፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ከፊት ያለ ክለብ ተራውን ለሌላው አሳልፎ በምትኩ በርከት ያሉ የኋላ ተራዎችን ሊቀበል ይችላል። የክለቦች ብልኅነትም ሆነ ስሕተት በግልጽ የሚታየው በዚህ ገበያ ላይ ነው።

ሰዓትና ሚዛን

ከምርጫው ሁለት ወር ገደማ አስቀድሞ፣ በየካቲት ወር ማብቂያ፣ ከሦስት መቶ በላይ ወጣቶች ለአካል ብቃት ምዘና ይጠራሉ። ምዘናው ከ1987 እ.ኤ.አ ጀምሮ መደበኛ ቦታው ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ነው። በዚያም ቁመታቸው፣ ክብደታቸው፣ የክንዳቸው ርዝመት፣ የመዳፋቸው ስፋት ሳይቀር ይለካል። 36 ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት በሙሉ ኃይላቸው ይሮጣሉ። በጀርባቸው ተኝተው 102 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት ስንት ጊዜ መግፋት እንደሚችሉ ይቆጠራል። ወደ ላይና ወደ ፊት ይዘላሉ። የየክለቡ ሐኪሞች የቆየ ጉዳት ፍለጋ ጉልበታቸውንና ትከሻቸውን ይመረምራሉ፤ አሠልጣኞችም ለደቂቃዎች ቃለ መጠይቅ ያደርጉላቸዋል።

ከምዘናው ሁሉ የሕዝብን ዓይን የሚስበው የአጭር ርቀት ሩጫው ነው። በ2017 ጆን ሮስ የተባለ ወጣት በ4.22 ሰከንድ ሮጦ በወቅቱ ክብረ ወሰን ሰበረ። የሲንሲናቲ ክለብም ዘጠነኛ ተራውን ለእርሱ አዋለ። ኳስ ተቀባይ ሆኖ የተመረጠው ሮስ ግን በጉዳትም ምክንያት በመጀመሪያው የውድድር ዓመት አንድም ኳስ ሳይቀበል ቀረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከክለቡ ወጣ። ፍጥነቱ እውነተኛ ነበር፤ የጎደለው በሰዓት የማይያዘው ነገር ነበር።

የተገላቢጦሹ ታሪክ ይበልጥ ይታወቃል። በ2000 እ.ኤ.አ ቶም ብሬዲ ያንኑ ርቀት የሮጠው በ5.28 ሰከንድ ነበር። በሜዳ ላይ ቀርፋፋ፣ በአካሉም ቀጭን ተብሎ ተገመተ። ስድስት ኳርተርባኮች ከፊቱ ተመርጠው፣ እርሱ በስድስተኛው ዙር 199ኛ ሆኖ ተጠራ። ጡረታ ሲወጣ ግን ሰባት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ አንሥቶ ነበር። ቀድሞ የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው እንደሚባለው ሆነ።

የአእምሮን ብቃት ለመለካትም ተሞክሯል። ለረጅም ዓመታት ወጣቶቹ በ12 ደቂቃ 50 ጥያቄ የሚመልሱበት የጽሑፍ ፈተና ይሰጣቸው ነበር። ሊጉ ይህን ፈተና በ2022 ከምዘናው አስወጣው። ቁጭ ብሎ ጥያቄ መመለስ፣ መቶ ሃያና ከዚያ በላይ ኪሎ የሚመዝኑ ተከላካዮች እየተንደረደሩ ሲመጡ ትክክለኛ ውሳኔ ከመስጠት ጋር አንድ አይደለም።

የዋሽንግተን ትምህርት

የአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተንና አካባቢዋ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ናቸው። የከተማዋ የፉትቦል ክለብ በ2012 እ.ኤ.አ ያደረገው ምርጫ ደግሞ ስለ ግምገማ ጥቅምና ገደብ ለማወቅ ለሚሻ ሁሉ ጥሩ ማስተማሪያ ነው።

በዚያ ዓመት ሮበርት ግሪፊን ሦስተኛ የተባለ ኳርተርባክ የአገሩ መነጋገሪያ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ምርጥ ተጫዋች ሽልማትን አሸንፏል፤ በምዘናው 4.41 ሰከንድ ሮጧል፤ አንደበቱም ርቱዕ ነበር። ስድስተኛ ተራ የነበረው የዋሽንግተን ክለብ እርሱን ለማግኘት ወደ ሁለተኛ ተራ መውጣት ፈለገ። ለዚህም የራሱን ስድስተኛ ተራ፣ የዚያኑ ዓመት የሁለተኛ ዙር ተራውን፣ የ2013ንና የ2014ን የመጀመሪያ ዙር ተራዎች ለሴንት ሉዊስ ክለብ ሰጠ። ለአንድ ወጣት የሦስት ዓመት ምርት ተከፈለ ማለት ነው።

ጅምሩ ያማረ ነበር። ግሪፊን በመጀመሪያ ዓመቱ ክለቡን ከ1999 ወዲህ ላላየው የምድብ አንደኝነት አበቃው፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተጫዋችም ተባለ። ይሁን እንጂ በጥር 2013 በጥሎ ማለፍ ጨዋታ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞ ብቃቱ አልተመለሰም፤ በ2016 ክለቡ አሰናበተው።

ከዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚያስተምረው ብዙም ያልተወራለት ክፍል ነው። ያው ክለብ በዚያው ምርጫ በአራተኛው ዙር፣ በ102ኛ ተራ፣ ኪርክ ከዝንስ የተባለ ሌላ ኳርተርባክ መርጦ ነበር። ለእርሱ ተጨማሪ ዋጋ አልተከፈለም፤ ተጠባባቂ እንዲሆን ነበር የታሰበው። በ2015 ዋና ተሰላፊ የሆነው ግን እርሱ ነው። በ2018 ወደ ሚኒሶታ ሲዛወር ሙሉ በሙሉ ዋስትና ያለው የ84 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ሁለቱን ወጣቶች የገመገሙት ያው መልማዮች ነበሩ። እነዚህ ባለሙያዎች ሁለቱንም አይተው መርጠዋል፤ ከሁለቱ ማን እንደሚዘልቅ ግን አላወቁም።

በታኅሣሥ ወር 2014 እ.ኤ.አ ሴንት ሉዊስ ዋሽንግተንን ሊገጥም በሄደ ጊዜ፣ በሳንቲም ዕጣው ሥነ ሥርዓት ላይ አምበል አድርጎ ያቀረባቸው ስድስት ተጫዋቾች በዚያ ልውውጥ ባገኛቸው ተራዎች የተመረጡ ነበሩ። ጨዋታውም በሴንት ሉዊስ 24 ለ 0 አሸናፊነት ተጠናቀቀ።

ከሳንቲም ውርወራ በጥቂቱ የተሻለ

ዋሽንግተን ያጋጠመው ነገር የዕድል ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ያሳዩ ምሁራን አሉ። ኬድ ማሲና በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሪቻርድ ቴለር የብዙ ዓመታት ምርጫዎችን መርምረው ጥናታቸውን በ2013 አሳትመዋል። በአንድ የጨዋታ ቦታ ቀድሞ የተመረጠ ተጫዋች በዚያው ቦታ ቀጥሎ ከተመረጠው የተሻለ ሆኖ የሚገኘው ከመቶ ሃምሳ ሁለት ጊዜ ገደማ ብቻ መሆኑን አገኙ። ይህ ሳንቲም ወርውሮ ከመወሰን በጥቂቱ የሚሻል ነው።

ጥናቱ መልማዮች ምንም አያውቁም አይልም። በአጠቃላይ ሲታይ በመጀመሪያው ዙር የሚመረጡት በመጨረሻው ዙር ከሚመረጡት ይሻላሉ። ችግሩ ሁለት ተቀራራቢ ወጣቶችን ለመለየት ሲሞከር ይመጣል። በዚያ ላይ የክለቦች እርግጠኝነት ከእውቀታቸው ይበልጣል። «ይህን ልጅ ካላገኘን አለቀልን» የሚል ክለብ ብዙ ይከፍላል፤ ለራሱ ልኩን የሚያውቅ ክለብ ተራውን ሸጦ ብዙ ዕድል ይገዛል። በአንድ ዘር ላይ ሙሉ ማሳውን የማይጥል ገበሬ ይህን ስሌት ያለ ጥናት ያውቀዋል።

የገንዘቡ ሥርዓት መለወጡም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ2007 አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ጃማርከስ ራስል በ2010 ከክለቡ ሲሰናበት ከሠላሳ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሎት ነበር። በ2010 አንደኛ የወጣው ሳም ብራድፎርድ ገና ኳስ ሳይወረውር 50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ያለው ውል ተፈራረመ። በ2011 ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ለአዲስ ገቢዎች የክፍያ ጣሪያ አበጁ፤ የዚያ ዓመት አንደኛ ካም ኒውተን በአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ተዋዋለ። ከዚያ ወዲህ የስሕተት ምርጫ ዋጋ በገንዘብ ረገድ ቀንሷል። በምላሹም ጎበዙ ወጣት እውነተኛ ዋጋውን የሚያገኘው ዓመታት ጠብቆ፣ ያውም ጉዳት ካልቀደመው ነው።

ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ወጣት

ለክለብ አንድ የስሕተት ምርጫ የጥቂት ዓመታት ኪሳራ ነው፤ ቀጣዩ ሚያዝያ ሌላ ዕድል ይዞ ይመጣል። ለወጣቱ ግን ምርጫው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሐኪም ወረቀት ላይ የሠፈረ አንድ መስመር ወይም በሩጫ የጎደለች የሰከንድ አሥረኛ ከመጀመሪያው ዙር ወደ አራተኛው ልታወርደው ትችላለች፤ የቤተሰቡ ኑሮም አብሮ ይወርዳል።

ቀደም ሲል ይህ ጫና ብዙዎችን ያስቸኩል ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ከጨዋታው ከፍተኛ ገቢ ሲሰበስቡ ተጫዋቹ ከትምህርት ዕድል የዘለለ ክፍያ ስለማያገኝ፣ ሳይበስል ራሱን ለምርጫ ያቀርባል። ከ2021 ወዲህ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ ጀምሮም ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ እንዲከፍሏቸው ተፈቅዷል። በዚህም ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የሚወጡት ቁጥር ቀንሷል። ዘግይቶ የሚመጣ ወጣት ብዙ ጨዋታ የተጫወተ ነው፤ መልማዩም በሰዓትና በሚዛን ፋንታ በሜዳ የሠራውን አይቶ የመፍረድ የተሻለ ዕድል ያገኛል።

ዋሽንግተን በ2024 እ.ኤ.አ እንደገና በሁለተኛ ተራ ኳርተርባክ መረጠ። በዚህኛው ጊዜ ተራውን ያገኘው በደካማ ውጤቱ እንጂ በልውውጥ አልነበረም፤ የነገ ምርቱን አስቀድሞ አልሸጠም። የተመረጠው ጄይደን ዳንኤልስ በዩኒቨርሲቲ አምስት የውድድር ዓመታትን አሳልፎ የመጣ ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ ክለቡን ለአሥራ ሁለት ድልና ከሠላሳ ዓመታት በላይ ላልደረሰበት የሊጉ ግማሽ ፍጻሜ አበቃው። በቀጣዩ ዓመት ግን ጉዳት ደጋግሞ ከሜዳ አራቀው።

ስለዚህ በእርሱም ላይ የመጨረሻ ፍርድ ለመስጠት ጊዜው ገና ነው። ከ2012 የሚለየው ክለቡ የያዘው አቋም ነው፤ ለዚህ ምርጫ ሲል የቀጣይ ዓመታት ተራዎቹን አሳልፎ አልሰጠም። ወጣቶችን የሚመዝኑት መሣሪያዎች ከዓመት ዓመት ይረቅቃሉ። የነገን ብቃት ግን አንዳቸውም አስቀድመው አያሳዩም፤ ይህን የተረዳ ክለብ ለስሕተቱ የሚሆን ስፍራ አስቀርቶ ይመርጣል።