የድረ ገጽ ፈቃድ መጠየቂያና የነጋዴው ኀላፊነት

ቡናውን ቈልቶና አሽጎ በድረ ገጽ አማካይነት በቀጥታ ለኤውሮፓ ገዢዎች የሚሸጥ ነጋዴ፣ የኩኪ ፈቃድ መጠየቂያው ሶፍትዌር ስለ ታደሰ አዲሱን ይገጥም ዘንድ፣ ክፍያውንም ይጨምር ዘንድ ከሻጮቹ ማሳሰቢያ ይደርሰዋል። ብዙው ነጋዴ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ከፍሎም ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል።

ኩኪ ማለት ድረ ገጹ በጐብኚው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ የጽሑፍ ምልክት ነው። የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1994 ሲፈጥረው፣ ገጹ ገዢው የመረጠውን ዕቃ እንዲያስታውስ ታስቦ ነበር። ኋላ ግን የማስታወቂያ ኩባንያዎች ሰውን ከገጽ ወደ ገጽ የሚከታተሉበት መሣሪያ ሆነ። ስለዚህም የኤውሮፓ ኅብረት በ2009 ባሻሻለው ሕግ፣ ለአገልግሎቱ የግድ አስፈላጊ ከሆነው በቀር ማንኛውም ኩኪ ከመቀመጡ በፊት የሰውየው ፈቃድ እንዲጠየቅ አዘዘ። ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራበት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ደግሞ በኅብረቱ ውስጥ ላሉ ሰዎች ዕቃ የሚያቀርበውን የውጭ አገር ነጋዴ ጭምር ይመለከታል። ዋጋውን በዩሮ ጽፎ፣ ዕቃውን በርሊን ድረስ አደርሳለሁ የሚል የአዲስ አበባ ነጋዴ፣ መደብሬ ከባሕር ማዶ ነው ብሎ ሊያመልጥ አይችልም።

እድሳቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ጉግል በኤውሮፓ ማስታወቂያ የሚያስነግሩ ደንበኞቹ፣ የጐብኚው መረጃ ለማስታወቂያ ሥራ ሊላክ መፈቀዱን፣ ማስታወቂያውም በግል ጠባዩ ሊመጠን መፈቀዱን በየራሱ ምልክት እንዲያስታውቁት ከማርች 2024 ጀምሮ ጠይቋል፤ የሶፍትዌር ሠሪዎችም ሥራቸውን በዚሁ መሠረት አሻሽለዋል። የማስታወቂያ ኩባንያዎች ማኅበር የሆነው አይኤቢ ዩሮፕም በ2023 ባወጣው ሥርዐት፣ መረጃውን ለመካፈል የሚፈልጉት ኩባንያዎች ቍጥር ገና በመጀመሪያው መስኮት እንዲነገር ወስኗል። አንድ ኪሎ ቡና ሊገዛ የመጣ ሰው የብዙ ኩባንያዎች ቍጥር ተጽፎ ሲያይ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም።

ዳሩ ግን ፈቃድ መጠየቂያው እንደ በር ዘበኛ ነው። ድረ ገጹን የሠራው ሰው የመከታተያውን ኮድ በቀጥታ ገጹ ውስጥ ከትቶት እንደ ሆነ፣ ዘበኛው በፊት በር ቆሞ ሳለ የጓሮው በር ክፍት ነው። ጐብኚው «አልቀበልም» ይላል፤ ኩኪው ግን ገና ሲገባ ተቀምጧል። ይህ በምናብ የተፈጠረ ሥጋት አይደለም። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሴፕቴምበር 2025 የልብስ ሻጩን የሺንን የአየርላንድ ኩባንያ 150 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው፣ ከፈቃድ በፊት ኩኪ በማስቀመጡና እምቢ ካሉ በኋላም ኩኪዎች መሥራታቸውን ባለማቆማቸው ጭምር ነው። እንዲሁም በ2021 መጨረሻ ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው፣ መቀበል በአንድ ንክኪ ሲያልቅ እምቢ ማለት ብዙ ንክኪ ስለሚጠይቅ ነበር። አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ ሊባል እንደማይችልም የኅብረቱ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 1 ቀን 2019 ፈርዷል።

እንግዲህ ነጋዴው አዲስ ሶፍትዌር ከመግዛቱ በፊት ገጹ ስንት መከታተያ እንደ ያዘ ይቍጠር። ማስታወቂያ የማያስነግር አነስተኛ መደብር የማስታወቂያ ኩኪ ምን ያደርግለታል? አብዛኛውን ጊዜ ገጹን የሠራው ሰው ከሌላ ሥራ ገልብጦ ያመጣው ትርፍ ነው። ይህ ተነቅሎ ለዕቃ መምረጫና ለሒሳብ መክፈያ የግድ የሚያስፈልጉት ብቻ ከቀሩ፣ ሕጉ ለእነርሱ ፈቃድ ጠይቅ አይልም፤ ለመጠየቂያው የሚወጣውም ገንዘብ ይተርፋል። ሶፍትዌር ሻጮች ይህን ምክር ሲሰጡ እምብዛም አይሰማም።

የአገራችን ነጋዴም ጕዳዩ የኤውሮፓ ብቻ ነው ብሎ ችላ ሊል አይገባውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 በኢትዮጵያም የሰው መረጃ ያለ ሕጋዊ ምክንያት እንዳይሰበሰብ ያዛል፤ ተቈጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

መከታተያ የሚያስፈልገው ነጋዴ ደግሞ ፈተናውን ራሱ ሊያደርገው ይችላል። የድረ ገጹን ኩኪዎች ከስልኩ አጥፍቶ ገጹን እንደ አዲስ ጐብኚ ይክፈት፤ «አልቀበልም» የሚለውን ይንካ፤ ከዚያም በብራውዘሩ ማስተካከያ ውስጥ የተቀመጡትን ኩኪዎች ይመልከት። የማስታወቂያ ኩባንያ ስም ካገኘ የገጹን ሠሪ ጠርቶ ያስወግደው፤ በውላቸውም ላይ ማናቸውም መከታተያ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ እንዳይጨመር ያስገባ። ገጹ በተለወጠ ቍጥር ፈተናው ይደገም።