ለገጠሯ ሴት የሚደረገው እርዳታ በምን ይለካል?

በየማኅበሩ ስብሰባ ማብቂያ ላይ ለገጠር እናቶችና ሕፃናት መርጃ ተብሎ ካርቶን ሲዞር እጁን ወደ ኪሱ የማይሰድ የከተማ ነዋሪ፣ ከደመወዙ ጥቂት ብር እንዲቀነስ ሲጠየቅ ፊቱን የሚያጠቁር ሠራተኛ ጥቂት ነው። ያልተረፈው ሰው ካለው ከፍሎ መስጠቱ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ ተግባር አይደለም። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ከእጃችን ከወጣ በኋላ ምን ሠራ? ማንን አዳነ? ከሁሉም በላይ፣ የዳነችው ሴት ታናሽ እኅት በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሕመም ተይዛ በዚያው ደጃፍ እንዳትሰለፍ ምን ተደረገ? ብለን የመጠየቅ ልምድ የለንም። ጥያቄው ግን መነሣት ይገባዋል፤ ቁስልን በሚያክም እርዳታና ቁስሉን በሚያመጣው ሁኔታ ላይ በሚዘምት እርዳታ መካከል ያለው ልዩነት የመጠን ሳይሆን የዓይነት ልዩነት ነውና።

ነገሩን በጥቅሉ ከማውራት አንድ ተጨባጭ ምሳሌ ወስዶ መመርመር ይሻላል። ፊስቱላ የሚባለውን የወሊድ ጉዳት እንውሰድ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅምና እህል ስትፈጭ፣ በማዕድም ከወንዶቹ የተረፈውን ስትቀምስ ያደገች ልጅ የዳሌዋ አጥንት ገና ሳይጠና ትዳራለች፤ ታረግዛለች። ምጡ ሲመጣ የሕፃኑ ራስ በጠባቡ አጥንት መካከል ተቀርቅሮ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ መንገዱም በክረምት በወንዝ ይቆረጣል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወጣል። ለቀናት ተጨምቆ ደም የተነፈገው የእናቲቱ ሥጋም ይሞትና ወደ ሽንት ፊኛዋ ቀዳዳ ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ ሽንቷን መቆጣጠር አትችልም። ባል ይፈታታል፤ ጎረቤት ጠረኗን ይሸሻል፤ ከቤቱ ጀርባ በተቀለሰች ጎጆ ብቻዋን ትቀመጣለች።

ይህ እንግዲህ ከሰማይ የወረደ ቁጣ ወይም የዛር ሥራ አይደለም። የሠለጠነ አዋላጅና ቀዶ ሕክምና በወቅቱ በሚደርስባቸው አገሮች ጉዳቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። በእኛ ገጠር የቆየው በድህነቷም በሴትነቷም ድርብ ጭቆና የተጫነባት ልጅ ከመንገዱም፣ ከትምህርት ቤቱም፣ ከማዕዱም የመጨረሻዋ ተካፋይ ስለነበረች ነው።

በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራሊያና ከኒው ዚላንድ የመጡት ባልና ሚስት ሐኪሞች፣ ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን፣ በሦስት ዓመት ውል አዲስ አበባ የገቡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ለአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ያገኟቸው ግን ከሩቅ ገጠር በእግራቸውና በጭነት መኪና ተጉዘው የመጡ፣ ሌሎች ሕሙማን አጠገባቸው መተኛት የማይፈልጉ የፊስቱላ ተጠቂዎች ሆኑ። የሦስቱ ዓመት ውል የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነ። በ1960ዎቹ መገባደጃ ለእነዚሁ ሴቶች ብቻ የሚሆን ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በኋላም በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተቋቋሙ። ዶክተር ካትሪን መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በእነዚህ ተቋማት የታከሙት ሴቶች ከ60 ሺህ በላይ ነበሩ። ሕክምናውም በነፃ ነው።

ከታካሚዎቹ መካከል የማሚቱ ጋሼ ታሪክ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ማሚቱ በወጣትነቷ በሕመሙ ተይዛ ከገጠር ስትመጣ ማንበብና መጻፍ አታውቅም ነበር። ከዳነች በኋላ አልጋ በማንጠፍና በቀዶ ጥገና ክፍል በመርዳት ጀመረች፤ እያየች ተማረች፤ በመጨረሻም ራሷ ቀዳጅ ሐኪሞችን የምታሠለጥን ባለሙያ ለመሆን በቃች። እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን የሚገኘው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሐምሊን ባልና ሚስት ጋር የወርቅ ሜዳይ ሸልሟታል። ተረጂ ተብላ የተመዘገበች ሴት መሣሪያውን ከረጂው እጅ ስትረከብ፣ ምጽዋት ምጽዋት መሆኑ ያበቃል።

ወደ ዋናው ነጥብ እንመለስ። ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ከፈተ። ከገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተመለመሉ ልጃገረዶች ተምረው ወደ አካባቢያቸው ጤና ጣቢያ ይመለሳሉ። መሥራቿ ወደዚህ አገር ወደ ጠራቸው ሥራ የተመለሱት ግማሽ ምዕት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መሆኑ ነው። ይህን የምንለው ለወቀሳ አይደለም፤ በር ላይ የቆመችውን ሴት ትቶ ገና ስላልመጣችው ማሰብ ለሐኪም እጅግ ከባድ ነው። ሆኖም ትምህርቱ ግልጽ ነው። ቀዳጁ ሐኪም የደረሰውን ጉዳት ይጠግናል፤ አዋላጇ ግን ጉዳቱ እንዳይደርስ ታደርጋለች።

ለአዋላጇም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቅድመ ሁኔታው ትምህርት ቤት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ሲጀመር፣ ለየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞች የተመለመሉት አሥረኛ ክፍል ከጨረሱ የአካባቢው ሴቶች መካከል ነበር፤ በድምሩም ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። ሴት ልጁን አሥረኛ ክፍል ያላደረሰ ወረዳ ከየት ያመጣቸው ነበር? በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በየገጠሩ እናቶችን ከፊደል ጋር ሲያስተዋውቅ፣ ወደፊት የልጇን የክትባት ካርድ የምታነብ ሴት እያፈራ እንደነበር የተገነዘበ ብዙ ሰው አልነበረም።

ውጤቱ በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች ተመዝግቧል። በ1992 ዓ.ም. በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። ከመቶ ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች ቁጥርም በ1992ቱ ዳሰሳ ከነበረበት 871 በ2008ቱ ወደ 412 ወርዷል። በዚሁ በ2008 ዓ.ም. ግን በጤና ተቋም የወለዱት ከከተማ እናቶች 79 ከመቶ ሲሆኑ ከገጠር እናቶች 20 ከመቶ ነበሩ። አገሪቱ አንድ ሆና ምጧ ግን ሁለት ነበር።

እዚህ ላይ፣ «ጥፋቱ የገበሬው ኋላቀር ልማድ ነው፤ ልጁን ያለ ዕድሜዋ ባይድር ኖሮ» የሚሉ ወገኖች አይታጡም። ልማዱ ጎጂ መሆኑ አያከራክርም፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል። ነገር ግን አባትየው የሚያሰላውን ስሌት ሳይረዱ በአባትየው ላይ መፍረድ ከቢሮ ወንበር ላይ የሚሰጥ ፍርድ ነው። ልጅቱ ስምንተኛን ስትጨርስ ሁለተኛ ደረጃ ያለው ወረዳው ከተማ ነው። እዚያ ለመማር ቤት መከራየት፣ በየሳምንቱ ስንቅ በትከሻ ተሸክሞ መመላለስ፣ በማታ መብራት በሌለበት መንገድ ማለፍ አለ። ብትደፈር ተጠያቂው ማነው? ብትወድቅስ ማን ያገባታል? አባት ይህን ሁሉ ደምሮ ጠያቂ ሲመጣ እሺ ይላል። ስለዚህ ልማዱን በስብከት ብቻ ሳይሆን የተማሪ ልጃገረዶች ማደሪያ በመሥራት፣ ትምህርት ቤቱን በማቅረብ፣ ወላዷ ቀኗ ሲደርስ የምታርፍበትን የእናቶች ማቆያ በእህልና በማገዶ በማሟላት መታገል ይገባል። የረጂ ድርጅት ገንዘብ ግድግዳውን ሊያቆመው ይችላል። ማቆያው ባዶ እንዳይሆን የሚያደርገው፣ ምጥ የያዛትንም በቃሬዛ የሚያደርሰው ግን የአካባቢው ሕዝብ ዕድር ነው።

እኛ የከተማ ነዋሪዎችስ? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በተገኘበት አንድ የሠፈር ስብሰባ ላይ ለገጠር ልጃገረዶች ትምህርት መዋጮ ተሰብስቦ ነበር። ሁሉም በደስታ ከፈለ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «በየቤታችን ካሉት ሠራተኞች ማታ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ስንት ናቸው?» ሲሉ ጠየቁ። ስብሰባው ጸጥ አለ፤ ሰብሳቢውም ወደ ሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

ያቺ የቤት ሠራተኛ ማን ናት? ከእነዚያው መንደሮች የመጣች፣ ብዙውን ጊዜም ከሚጠብቃት ጋብቻ ያመለጠች ያችው የገጠር ልጅ ናት። ካርቶኑ የዞረው ለእሷ ነበር፤ እሷ ግን ያን ሰዓት የእኛን እራት ትሠራ ነበር። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የቤት ሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ ወደፊት በሚወጣ ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። የሥራ ሰዓቷን የምትወስነው የቤቱ እመቤት ናት ማለት ነው። ከእመቤቶቹ መካከል ደግሞ በፋብሪካ የሥራ ሰዓታቸው እንዲከበር በሠራተኛ ማኅበር ተደራጅተው የተከራከሩ ሴቶች ይገኙበታል! በቀን ስምንት ሰዓት መሥራት ለራሳችን መብት፣ ለእሷ ቅንጦት የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?

የማታ ትምህርት ምዝገባ በመስከረም ይከፈታል። ከዚያ በፊት በሚደረገው የማኅበር ስብሰባ ያቺ እናት ያነሡት ጥያቄ አንደኛ አጀንዳ ሆኖ ይያዝ፤ በየቤቱ ያሉት ልጃገረዶች ስንት እንደሆኑ፣ ስንተኛ ክፍል ላይ እንዳቋረጡ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ማን እንደሚለቃቸው በስም ይመዝገብ። ካርቶኑ ከዚያ በኋላ ይዙር።